የታገደ ሹፌር መታገዱን ይወቅ

ግልጽ ደብዳቤ

መንጃ ፈቃድ ለምታግዱና ለምትመልሱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች፣
በየመንገዱ ሕግ ለምታስከብሩ የትራፊክ ፖሊስ አባላትና አዛዦች፣
ክስ ለምትመሠርቱ ዐቃብያነ ሕግ፣

ጉዳዩ፦ የመንጃ ፈቃድ እገዳ ለሹፌሩና ለባለንብረቱ በጽሑፍ እንዲደርስ፣ በላሊበላም ሊጣራና ይግባኝ ሊባልበት እንዲችል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

የምጽፍላችሁ ከላሊበላ ነው። ከከተማው እስከ ሽምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ተሳፋሪ ሲገኝም እስከ ጋሸና የምትሠራ አንዲት ሚኒባስ አለችኝ። እኔ አልነዳም፤ ሹፌርና ረዳት ቀጥሬ ነው የማሠራት። ስለዚህ ሹፌሬ መንጃ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ለእኔ የቤቴ ጥያቄ ነው። በዚያች መኪና ለሚሳፈሩ ተማሪዎች፣ ካህናትና ነጋዴዎች ደግሞ የሕይወት ጥያቄ ነው።

ከመጀመሪያው ግልጽ ልሁን። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሰው መሪ እንዳይጨብጥ እፈልጋለሁ። እያወቀ ከጨበጠም ሕግ እንዲይዘው እፈልጋለሁ። ቅሬታዬ እገዳው በሚተላለፍበትና በሚነገርበት፣ ይልቁንም በማይነገርበት አሠራር ላይ ነው። ዛሬ በእኛ አካባቢ አንድ ሹፌር መታገዱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሰው ከገጨ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለሹፌሩም፣ ለባለንብረቱም፣ ከሁሉም በላይ ለተጎጂው ቤተሰብ ጊዜው አልፏል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝን ጉዳይ ላስረዳ። ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ የሰፈራችን ሰው ባጃጅ ነበረቻቸው። ቀጥረው የሚያሠሩት ልጅ አንድ ቅዳሜ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን መገንጠያ አለፍ ብሎ፣ ከገበያ የሚመለሱ እናት ገጨ። የእናትየው እግር ተሰበረ። ልጁ አልሸሸም፤ ራሱ አንሥቶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው፤ ከዚያም ሄዶ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። መንጃ ፈቃድህን አምጣ ሲባል ከኪሱ ያወጣው ቀኑ ያለፈበት የቅጣት ወረቀት ነበር። መንጃ ፈቃዱን ከወራት በፊት በሌላ ከተማ ትራፊክ ይዞበታል። እሱ የሚያውቀው መያዙን ብቻ ነው። ሲጣራ ግን «ታግዷል» የሚል መልስ መጣ። ከመቼ ጀምሮ? ለምን ያህል ጊዜ? በየትኛው ጥፋት? እስከዚያች ቀን ድረስ ለልጁም ለባለንብረቱም ስለ እገዳው አንድ መስመር ጽሑፍ አልደረሳቸውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየአቅጣጫው ፈረሰ። የመድን ድርጅቱ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ጉዳይ አንሥቶ ክፍያውን አዘገየ። የተጎጂዋ ልጆች ለሕክምና ተበደሩ። ባለንብረቱ ባጃጇን ሸጠው የቻሉትን ከፈሉ፤ ዛሬ የቀን ሥራ ይሠራሉ። ልጁ በጉዳት ማድረሱ ላይ ሌላ ክስ ተጨመረበት። እናትየው በየዓመቱ ኅዳር 3 ቀን የነአኩቶ ለአብን ክብረ በዓል በእግራቸው ሄደው የሚያከብሩ ሴት ነበሩ፤ አሁን ያለ ምርኩዝ ከደጃቸው አይወጡም። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን እገዳው አንድም ቀን ልጁን ከመሪ አላራቀውም። የታገደው መዝገብ ላይ ነው፤ መንገዱ ላይ አልታገደም።

መንገዱን ላላያችሁት ጥቂት ልበል። ነአኩቶ ለአብ ከላሊበላ ከተማ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። በዋሻ ውስጥ የታነጸ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳ እየተጠራቀመ ለጠበል የሚወሰድበት ደብር ነው። በዚሁ መንገድ ጠበልተኛው በእግሩ ይሄዳል፤ ተማሪው ይመላለሳል፤ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ገበሬ አህዮቹን ይነዳል። በገና ሰሞን ደግሞ ከመላው አገር የሚመጣው ምዕመን ይጨመርበታል። የአስጎብኚ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው ከዚህ ሁሉ እግረኛ ጋር አንዱን ጠባብ አስፋልት ይጋራሉ። ከኩርባው በአንደኛው ወገን ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው። እዚህ መንገድ ላይ ማን እንደሚነዳ ማወቅ የወረቀት ጉዳይ አይደለም።

የመንገድ አደጋ በአገራችን ምን ያህል ሰው እንደሚበላ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰዎች 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል። በእኛው ወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም. አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የወሎ ደጋ መንገድ ለስህተት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጥፋት የደጋገመን ሹፌር ከመንገድ የሚያወጣ ሕግ መኖሩን ከልቤ እደግፋለሁ። የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208/2003 ከገንዘብ ቅጣቱ በተጨማሪ የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ ሲያደርግ፣ ደንብ ቁጥር 395/2009 ሲያሻሽለው፣ በቅርቡም ደንብ ቁጥር 557/2016 ሲወጣ፣ ዓላማው ትክክል ነበር። ገንዘብ ያለው ሹፌር ጥፋቱን በብር እየገዛ እንዳይቀጥል ማድረግ ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ነጥቡ ተደምሮ እገዳ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ነጥቡ የሚመዘገበው አንድ ቦታ፣ ሹፌሩ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። ደሴ የተቀጣ፣ ወልዲያ የተቀጣ፣ ደብረ ታቦር የተቀጣ የላሊበላ ሹፌር በየኪሱ የተለያየ ከተማ ወረቀት ይዞ ይዞራል። የተያዘበትን መንጃ ፈቃድ ለማስመለስ ወደተያዘበት ከተማ መመለስ አለበት። ወልዲያ ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕር ዳር ከዚያም ይርቃል። ደርሶ መመለሻው፣ ማደሪያው፣ የሚባክነው የሥራ ቀን ሲደመር ብዙ ጊዜ ከቅጣቱ ይበልጣል። ሹፌሩ ዛሬ ነገ ሲል የወረቀቱ ቀን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እያሳየ መንዳቱን ይቀጥላል። አንዳንዱ ተቆጣጣሪ ያልፈዋል፤ አንዳንዱ ሌላ ቅጣት ይጽፍበታል። በዚህ መካከል መንጃ ፈቃዱ እንዲሁ ተይዞ መቆየቱን፣ መታገዱን ወይም መሰረዙን የሚነግረው የለም። ሕጉ ግን በእነዚህ ሦስቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ያደርጋል።

በዚህ ላይ ያለፍንበትን ዘመን አስቡልን። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከገባ በኋላ ከተማችን መብራት፣ ስልክና ባንክ አጥታ ረጅም ጊዜ ኖራለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቱሪስት ቀርቷል፤ በቱሪስት ያድር የነበረ ሹፌር ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጅ ይነዳ የነበረው ሥራ ፈትቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን አልቆመም። ቀጠሮ አሳልፏል፣ ቅጣት አልከፈለም ተብሎ የተመዘገበበት ሰው፣ መንገዱ ተዘግቶበት ስለነበር እንጂ አሻፈረኝ ብሎ እንዳልሆነ የሚያስረዳበት መስኮት የለውም።

ክቡራን ዐቃብያነ ሕግ፣ እዚህ ላይ ለእናንተ የምለው አለኝ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን የሰፈራችን ሰው ጉዳይ ከተነሣ ወዲህ ሕጎቹን አስፈልጌ አንብቤያለሁ፤ የሚያውቁትንም ጠይቄያለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። በንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሹፌር ጭምር፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ ደንብን አውቆ የጣሰ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን የሳተ እንደሆነ፣ ቅጣቱን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ያደርሰዋል። ሰው ሳይሞት የተጎዳ እንደሆነም አንቀጽ 559 አለ።

አስተውሉት። ታግዶ የነዳ ሹፌር ሰው ከገደለ፣ እገዳውን አውቆ ጥሷል ተብሎ በንዑስ አንቀጽ 3 ሊከሰስ ይችላል። በአንዱና በሌላው ንዑስ አንቀጽ መካከል አሥር ዓመት ሊኖር ይችላል። ያን አሥር ዓመት የሚወስነው «አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ሕጉን አላወቅሁም ማለት መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል፤ በዚህ አልከራከርም። ታግዶ መንዳት ክልክል መሆኑን ማንኛውም ሹፌር ማወቅ አለበት። በራሱ ስም የተጻፈ እገዳ መኖሩን አለማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በአንቀጽ 80 የፍሬ ነገር ስህተት ከተባለው ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። እገዳው ለሹፌሩ መድረሱን የሚያሳይ ፊርማ በመዝገብ ውስጥ ከሌለ፣ እውነተኛው አጥፊ «አልደረሰኝም» ብሎ ያመልጣል፤ እውነተኛው ያልደረሰው ደግሞ የሚያስረዳበት አጥቶ ይፈረድበታል። አንዲት የተፈረመች ደረሰኝ ለሁለቱም ፍትሕ ትሰጥ ነበር።

ወደ ካሳው ስንመጣ የባለንብረቱ ሸክም ይታያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ ከዚህ የሚወጣው በዚያ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። እኔ ይህን ሕግ እቀበለዋለሁ። የተጎዳ ሰው የሚይዘው ሰው ማጣት የለበትም፤ መኪናዋ ለእኔ ገቢ ካመጣች ጉዳቷም የእኔ ነው። ነገር ግን ሕጉ ይህን ያህል ከጫነብኝ፣ የሹፌሬን መታገድ ማወቅ የምችልበትን መንገድ ሊነፍገኝ አይገባም። ሹፌር ስቀጥር መንጃ ፈቃዱን አያለሁ፣ ኮፒ እይዛለሁ፣ ዋስ እጠራለሁ። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወር በሌላ ከተማ ቢታገድ በየትኛው በር ልሰማ እችላለሁ?

የመድኑም ነገር ከዚሁ ይያያዛል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት የወሰነው ከፍተኛ ካሳ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። ዛሬ የተሰበረ እግር ለማሳከም ወደ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል የሄደ ሰው ያን ጊዜ የተወሰነው ገንዘብ የት እንደሚያደርስ ያውቃል። ከዚያ በላይ የሚከፍል ውል የገባ ባለንብረት ደግሞ ውሉን ቢያነብ፣ አሽከርካሪው በሕግ የተፈቀደለትና ያልታገደ መሆን እንዳለበት የሚጠይቅ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ማንም ያልሰማው እገዳ በዓመት በዓመቱ የተከፈለን ዓረቦን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። የመጨረሻ ዕዳው የሚወድቀው ታዲያ መንገድ ዳር በምትሄደው እናት ላይ ነው።

ሌላውም ዓለም ታግዶ መንዳትን በቀላሉ አያየውም። በእንግሊዝና በዌልስ በፍርድ ታግዶ የነዳ ሰው እስከ 6 ወር፣ በጀርመን ደግሞ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ወይም ታግዶ የነዳ እስከ 1 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እኔም ቅጣቱ ይላላ አልልም። ነገር ግን እነዚያ አገሮች እገዳውን ለባለጉዳዩ የማሳወቅ ሥራቸውን አስቀድመው ይሠራሉ። ከአሜሪካ አንድ ጉዳይ ለእኛ በተለይ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። በጆርጂያ ግዛት በሦስት የገጠር አጥቢያዎች እየዞረ የሚያገለግል አንድ ሰባኪ ነበር። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በብስክሌት ስትሄድ ከመኪናው ጎን ጋር ተጋጨች። መድን ስላልነበረው፣ ጥፋቱ የእሱ ይሁን አይሁን ሳይታይ፣ ለተጠየቀው ካሳ መያዣ ካላስያዘ መንጃ ፈቃዱ እንደሚታገድ ተነገረው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሰው መተዳደሪያው የሆነ መንጃ ፈቃድ ባለቤቱ ሳይሰማ ሊወሰድ አይገባም ሲል ለሰባኪው ፈረደ። የላስታ ካህን፣ ነጋዴና ሹፌር ይህን ጉዳይ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከገጠር አጥቢያ ወደ ገጠር አጥቢያ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2017 የትራፊክ መቀጮ ባለመክፈል ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድን ትታለች፤ መቀጮ መክፈል ያቃተው ሰው መንጃ ፈቃዱን ሲያጣ ሥራውንም ስለሚያጣ ዕዳውን የሚከፍልበት እየጠፋ ይሄዳል።

ለዚህ የራሳችንም ሕግ መሠረት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ ማንም ሰው ጉዳዩን ወደ ፍርድ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት በሰው መብት ላይ ሲወስኑ ውሳኔውን ምክንያቱን ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል። አዋጁ የክልል ተቋማትን አይገዛም። ቢሆንም ለአዲስ አበባ ባለጉዳይ የሚገባው ምክንያት የተጻፈበት ውሳኔ ለላሊበላው ባለጉዳይ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። የእኛ ሕዝብ ደግሞ ለሕግ ባዳ አይደለም። «በሕግ አምላክ» ሲባል ዱላውን ጥሎ የሚቆም ሕዝብ ነው። እገዳ ቢነገረው ይቆማል፤ የማይቆመውንም እኛው ከእናንተ ጋር ሆነን እናስቆመዋለን።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው ይህ ነው። የማንኛውም ሹፌር መንጃ ፈቃድ ሲታገድ ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን። ጥፋቶቹ ከነቀናቸውና ከነቦታቸው፣ እገዳው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን ለማስመለስ የሚያስፈልገው ሥልጠና ወይም ክፍያ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታና ጊዜ ይጻፍበት። ሹፌሩ ፈርሞ ይቀበል። ካልተገኘም በስልኩ አጭር መልእክት ይላክለት፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም በማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጥፍለት። እገዳው መቆጠር ያለበትም ከዚህ በኋላ ነው።

ውሳኔው ለባለንብረቱም ይድረስ። የባለንብረቱ ስም ከሊብሬው ጋር በመዝገባችሁ አለ፤ ተሽከርካሪው በየዓመቱ ለምርመራና ለቦሎ እናንተው ዘንድ ይቀርባል። ይህ ቢከብድ እንኳ መናኸሪያ ያለው የስምሪት ሠራተኛ የታገዱ ሹፌሮችን ዝርዝር ይያዝ። መኪና ሞልቶ ሊወጣ ሲል ስም የሚያጣራ አንድ ሰው ቢኖር፣ በገና ሰሞን ብቻ እንኳ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ይህን ሥራ ባለንብረቶች በማኅበራችን በኩል ለማገዝ ዝግጁ ነን፤ ወጪውን የምንጋራበትን መንገድ ብትነግሩን እንነጋገራለን።

የተያዘ መንጃ ፈቃድ የግድ በተያዘበት ከተማ ብቻ የሚመለስበት አሠራር ይቅር። ቅጣቱ በባንክ ከተከፈለ በኋላ መንጃ ፈቃዱ ሹፌሩ ወደሚኖርበት ወረዳ ቢላክ ምን ይጎዳል? ይህ ካልተቻለ በወር አንድ ቀን እንኳ ኃላፊነት ያለው ባለሙያ ላሊበላ መጥቶ የኩልመስክን፣ የብልባላን፣ የጋሸናንና የከተማውን ሹፌሮች ጉዳይ ይይልን። የተሐድሶ ሥልጠናውም እዚሁ ይሰጥ። ከአንድ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚወሰድ ሥልጠና፣ በተለይ መንገዱ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ፣ ሹፌሩን ከመማር ይልቅ ተደብቆ ወደ መንዳት ይገፋዋል። መንገድ ተዘግቶ ወይም የግንኙነት አገልግሎት ተቋርጦ የነበረበት ጊዜ በወረዳው አስተዳደር ከተረጋገጠ ደግሞ ከቀነ ገደቡ ይቀነስ።

ሰክሮ የነዳን፣ ሰው ገጭቶ ያመለጠን፣ ትርፍ ጭኖ በቁልቁለት የበረረን ሹፌር መቀጮ መክፈያ ካጣ ሹፌር ጋር በአንድ ዓይን አትዩ። የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ከመንገድ አውጡልን፤ ለሱ አልማልድም። ሁለተኛው መቀጮውን በየወሩ ከፋፍሎ እየከፈለ ሠርቶ እንዲያድር መንገድ ይፈለግለት።

ክቡራን ዐቃብያነ ሕግ፣ እናንተን የምለምነው ታግዶ በመንዳት የተከሰሰ ሰው ሲቀርብላችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ እገዳው የደረሰበትን ማስረጃ ከመዝገቡ እንድትጠይቁ ነው። ማስረጃው ካለ ሕጉን በሙሉ ኃይሉ ተጠቀሙበት። ከሌለ ግን ጥያቄያችሁን ወደ ላከው መሥሪያ ቤት መልሱት። አንድ ሁለት ጊዜ ቢመለስባቸው አሠራሩ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ።

ለባልንጀሮቼ ባለንብረቶችና ለሹፌር ልጆቻችንም በዚሁ ደብዳቤ አንድ ነገር ልበል። መሥሪያ ቤቶቹ እስኪያስተካክሉ ድረስ ወረቀቱ ቀኑ ያለፈበት ሹፌር አታሰማሩ፤ ቢያንስ ለዚያች ቀን ሌላ ሰው ፈልጉ። ሹፌሮችም መንጃ ፈቃዳችሁ በተያዘ ቀን ለባለንብረቱ ሳትደብቁ ንገሩ። የአንድ ሳምንት ገቢ ይቀራል፤ በዚያች ሳምንት ሰው ቢጎዳ ግን የሚቀረው ሌላ ነው። የሰፈራችን ሰው ባጃጅ ዛሬ በሌላ ሰው እጅ፣ በዚያው መንገድ ላይ ትሠራለች።

ክቡራንና ክቡራት፣ የጠየቅሁት ከባድ በጀት የሚፈልግ አይመስለኝም። አብዛኛው አንድ የታተመ ቅጽ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ የስልክ መልእክትና በወር አንድ ቀን ነው። የሚቀጥለው የገና በዓል ሳይደርስ፣ ቢያንስ የጽሑፍ ውሳኔውና የመናኸሪያው ዝርዝር እንዲጀመር፣ ስለጀመራችሁትም ለላሊበላ ሕዝብ በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ። ባለንብረቶችንና ሹፌሮችን ሰብስባችሁ ልታነጋግሩን ብትፈልጉ በምትሉት ቀንና ቦታ እንገኛለን።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
አንድ የላሊበላ የሚኒባስ ባለንብረት